የቡና ቤት ግድግዳም መዝገብ ነው

በአሜሪካ ከመቶ ዓመት በፊት በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ይታደል የነበረው የቤዝቦል ተጫዋቹ የሆነስ ዋግነር ካርድ በ2022 እ.ኤ.አ. 7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። የእኛም ስፖርትና ንግድ ቁርኝታቸው የቆየ ነው። የጊዮርጊስ ቢራ ከ1915፣ የጊዮርጊስ እግር ኳስ ክለብ ደግሞ ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ ቅዱስ ስም ይጠራሉ። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ፣ ከባቱ አለፍ ብላ እንደምትገኘው አዳሚ ቱሉ ባሉ ከተሞች ይህ ታሪክ የሚቀመጠው በቡና ቤት ግድግዳ ነው፦ ጠርዙ የተበላ የቆርቆሮ ሰሌዳ፣ የዝንብ ነጥብ ያረፈበት የክለብ ካላንደር፣ ትሪ፣ ቆርኪ።

ማስታወቂያ የነጋዴ ውዳሴ ነው፣ ምስክር አይሆንም የሚል ይኖራል። ዕቃውን በማወደሱ አይታመን ይሆናል፤ ሳያስበው ያስቀረው የፊደል አጣጣል፣ የማልያ ቀለም፣ የስልክ ቁጥር ግን አይዋሽም። መሰብሰቡ መጠጥን ማበረታታት ነው ለሚሉም፣ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከቢልቦርድና ከብሮድካስት አግዷል፤ ክልከላው ለጤና የወጣ ነው፣ እደግፈዋለሁ። የተነሣ ሰሌዳ ግን ቁርጥራጭ ብረት ሆኖ ይቀራል። ባለ ቡና ቤቶች ሆይ፣ ግድግዳችሁን ከመቀባታችሁ በፊት ፎቶ አንሡት፤ አሮጌውንም ሰሌዳ ለቆራሌው አትስጡ።