«ቴክ» የተባለው ግሥ ከወዴት መጣ?

የእንግሊዝኛ ተማሪ አስቀድሞ ከሚያጠናቸው ግሦች አንዱ «ቴክ» ነው። ትርጓሜውም «ወሰደ» ነው ተብሎ ይነገረዋል። ነገር ግን መጽሐፍ ሲገልጥ ይኸው ግሥ ፎቶግራፍ ለማንሣት፥ መሐላ ለመማል፥ ወንበር ይዞ ለመቀመጥ፥ ልጅም አባቱን ለመምሰሉ ጭምር ሲያገለግል ያገኘዋል።

እንዲህ ያለ ብዙ ሥራ የተሸከመው ቃል ግን ለእንግሊዝኛ እንግዳ ነበር። የጥንት እንግሊዞች መውሰድን የሚናገሩት «ኒማን» በሚባል ግሥ ነበር፤ ይኸውም ጀርመኖች እስከ ዛሬ ለሚናገሩበት «ኔመን» ወንድም ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ793 ዓ.ም. ከሰሜን ባሕር ማዶ የመጡ መርከበኞች የሊንዲስፋርንን ገዳም ዘረፉ፤ በ865 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያው ወገን ታላቅ ጦር መጣ። ንጉሥ አልፍሬድ በ878 ዓ.ም. ኤዲንግተን ላይ ድል ቢያደርገውም፥ ብዙዎቹ በምሥራቅና በሰሜን እንግሊዝ መሬት ይዘው አራሾች ሆነው ቀሩ። የእነርሱ ግሥ «ታካ» ነበር፤ የጥንት ፍቺውም መንካትና መያዝ ነው።

ዘራፊው ጎረቤት፥ ጎረቤቱም አማች በሆነ ጊዜ ቃሉ በገበያና በማዕድ በኩል ገባ። ሕግ ማለት የሆነው «ሎው» እንኳ ከእነርሱ የተገኘ ነው። «ቴክ» በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ታየ፤ ከዚያም ጥቂት በጥቂት «ኒማንን» ከስፍራው አስለቀቀው። ይህ ሁሉ ሲሆን ያዘዘም የከለከለም አልነበረም። ከቀድሞው ግሥ ከተረፉት አንዱ «ነም» የተባለው ቅጽል ነው፤ ዛሬ «የደነዘዘ» ማለት ሲሆን፥ በጥንቱ ግን «የተያዘ» ማለት ነበር፤ እኛም «ብርድ ያዘው» እንደምንለው ነው።

በአገራችንም ይህን የሚመስል አለ። በግዕዝ «ነሥአ» ማለት ያዘ፥ ተቀበለ፥ ወሰደ ማለት ነው። በአማርኛ ግን ስፍራውን «ወሰደ» ይዞታል፤ «ነሣ» የሚለውም «እንቅልፍ ነሣው» በመሰለው አነጋገር ተወስኖ ቀርቷል።

ዛሬ ደግሞ «ተፈተነ» በማለት ፈንታ «ፈተና ወሰደ»፥ «ሠለጠነ» በማለት ፈንታ «ሥልጠና ወሰደ» ሲባል እንሰማለን። ቋንቋ ከጎረቤቱ መበደሩ ነውር አይደለም፤ እንግሊዝኛም በብድር በለጸገ እንጂ አልደኸየም። ይሁን እንጂ «ኒማን» የጠፋው ማንም ልብ ሳይለው ነው። እኛ ግን ታሪኩን ዐውቀናልና፥ ደብዳቤ ስንጽፍም ሆነ ስናስተምር፥ አዲሱን አነጋገር ከመቀበላችን በፊት በቤታችን ያለውን ግሥ አስቀድመን እንጠይቅ።