ሟሚ ሃይድሮጄል፦ ሳይላጥ የሚነሳ የቁስል ሽፋን

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሮቢት ዙሪያ፣ እንደ ሌላው ገጠር ሁሉ፣ ምድጃው መሬት ላይ ነው። ስለዚህ እሳትና የፈላ ውሃ አብዝተው የሚያገኙት ሕፃናትን ነው። የተቃጠለ ልጅ ጤና ጣቢያ ሲመላለስ ከምንም በላይ የሚፈራው ፋሻ የሚቀየርበትን ሰዓት ነው፤ ደረቅ ጎዝ ቁስሉ ላይ ተጣብቆ ሲነሳ አዲስ የበቀለውን ሥጋ ይዞ ይላጣል። ሟሚ ሃይድሮጄል የታሰበው ይህን ስቃይ ለማስቀረት ነው።

ሃይድሮጄልን «ውሃ አዘል ዝልግልግ» ማለት ይቻላል። ረጃጅም የፖሊመር ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተቋጥረው መረብ ይሠራሉ፤ መረቡም ብዙ ውሃ አምቆ ይይዛል። ውሃ ውስጥ ያደረ ተልባም ይዝለገለጋል፤ ሆኖም ሰንሰለቶቹ ጠብቀው ስላልተቋጠሩ ይፈስሳል። ሃይድሮጄል ግን ቅርፁን ይዞ ቁስሉ ላይ ይቀመጣል።

ለሕክምና የሚሆን ሃይድሮጄልን የቼኮዝሎቫኪያዎቹ ኦቶ ቪኽተርሌና ድራሆስላቭ ሊም እ.ኤ.አ. በ1960 ይፋ አደረጉ፤ ለስላሳው የዓይን ሌንስ የመጣው ከዚያ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመራማሪው ጆርጅ ዊንተር በአሳማዎች ላይ ባደረገው ጥናት እርጥበቱ የተጠበቀለት ቁስል በአየር ከሚደርቀው ይልቅ ፈጥኖ ቆዳ እንደሚያወጣ አሳየ፤ ሃይድሮጄል ያመቀው ውሃም ቁስሉን እንዲህ እርጥብ አድርጎ ያቆየዋል።

«ሟሚ» ሲባል ላብ በነካው ቁጥር ይጠፋል ማለት አይደለም። ቋጠሮው የሚፈታው ባለሙያው ሲፈልግ፣ ለዚሁ የተዘጋጀ ፈሳሽ ሲያፈስበት ነው። በቦስተን ዩኒቨርሲቲ የማርክ ግሪንስታፍ ቡድን ለቃጠሎ በሠራው ሃይድሮጄል ቋጠሮው ታዮኤስተር የተባለ ኬሚካዊ ትስስር ነው፤ ሲስቴይን ከተባለው አሚኖ አሲድ የተሠራ ውህድ ያለበት ፈሳሽ ይፈታዋል። ከባሕር አረም በሚገኘው አልጂኔት ደግሞ ሰንሰለቶቹን የሚያስረው ካልሲየም ነው፤ ሲትሬት ካልሲየሙን ሲነጥቅ ዝልግልጉ ይፈርሳል። በሁለቱም መንገድ ሽፋኑ ሳይጎተት ታጥቦ ይወርዳል።

ሃይድሮጄል ለሁሉም ቁስል አይሆንም። የሚስማማው ለደረቅ ወይም ጥቂት ለሚያዥ ቁስል ነው፤ ብዙ በሚያዥ ቁስል ላይ ሲሆን በዙሪያው ያለውን ጤነኛ ቆዳ ያበሰብሳል። ሮቢት እንዳለችበት እንደ ራያ ባለ ቆላ ደግሞ ውሃው ቶሎ እንዳይተን ላዩ በሌላ ሽፋን መጋረድ አለበት።

ከጓሮ የተቆረጠ እሬት ወይም ቤት የተዘፈዘፈ ተልባ ስለተዝለገለገ ብቻ ምትክ አይሆንም፤ ከጀርም የጸዳ አይደለምና። ለተቃጠለ ሰው ቅድሚያ የሚሰጠው በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዝ፣ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም ሳይቀቡ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው።