የአሸዋ ምድር ጥራጥሬ

ቢካኔር በሰሜን ምዕራብ ህንድ፣ በታር በረሃ ውስጥ በ1488 በራኦ ቢካ የተቆረቆረች ከተማ ናት (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ምሽግም ቤተ መንግሥትም አላት። ህንዳውያን ግን ስሟን አብዝተው የሚያነሡት ቡጂያ ከሚባለው ቀጭንና ቅመም የበዛበት የዘይት ጥብስ ጋር ነው። የቡጂያ ዱቄት የሚገኘው ሞጥ ከሚሉት፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም ከማይበልጥ ቡናማ ጥራጥሬ ነው። የቡጂያን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች ከንጉሥ ወይም ከነጋዴ ይጀምራሉ። እኔ ግን ከእርሻው መጀመር አለበት እላለሁ።

ቢካኔር በምትገኝበት በምዕራብ ራጃስታን ዝናቡ በዓመት ከ100 እስከ 400 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። እሱም እንደኛ ክረምት በሐምሌና በነሐሴ ግድም መጥቶ ቶሎ ይሄዳል። የመጀመሪያው ዝናብ አሸዋውን ሲያርሰው ገበሬው ባጅራ ከሚሉት ቡልቱግ ጋር ሞጥ ቀላቅሎ ይዘራል፤ ጉዋር የሚባለው ጥራጥሬና ሰሊጥም ይታከሉበታል። ሞጥ ወደ ላይ ለመመዘዝ አይቸኩልም። ቅርንጫፎቹን መሬት ላይ ዘርግቶ አፈሩን ከፀሐይ ይጋርዳል፣ አሸዋውንም ከነፋስ ይይዛል፤ ዋና ሥሩ ደግሞ ርጥበት ፍለጋ ጠልቆ ይወርዳል። ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ይደርሳል። ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ግንዱና ቅጠሉ ለግመልና ለፍየል መኖ ይሆናል፤ ሥሩም ለመሬቱ ናይትሮጅን ይተውለታል። ቡልቱጉ ቢከሽፍ እንኳ ሞጡ ለጎተራ የሚበቃ ነገር ያስገኛል። ጥንታዊው የህንድ የሕክምና መጽሐፍ ቻራካ ሳምሂታ ሞጥን ማኩሽታካ ብሎ ከሌሎች ጥራጥሬዎች ጋር ስለሚዘረዝረው፣ የሞጥ እውቀት የትናንት አይደለም።

ሞጥ ከረሃብ ሁሉ ያድናል ማለት ግን አይደለም። በ1899 ዝናቡ ጨርሶ ቀረ። በህንዶቹ የቪክራም ዘመን ዓመቱ 1956 ስለነበር ሕዝቡ እስከ ዛሬ የሃምሳ ስድስቱ ረሃብ ይለዋል። እህል፣ ውሃና የከብት ሣር ሦስቱም በአንድ ጊዜ ጠፉ። ከኛው ክፉ ቀን የሚርቀው በአሥር ዓመት ገደማ ብቻ ነውና፣ አያቶቻችን ይህን ዓይነቱን ዘመን ያውቁታል። ጠብታ ሳይወርድ ሞጥም አይበቅልም። ከዚያ ቀደም በ1868 እና በ1869 በነበረው ረሃብ ያኔ ራጅፑታና ይባል የነበረው የራጃስታን ሰዎች የኬጅሪ ዛፍን ቅርፊት ልጠው፣ ፈጭተው እስከ መብላት ደርሰው ነበር። የሞጥ ውለታ የሚታየው በመካከለኛዎቹ ክፉ ዓመታት፣ አንድ ሁለት ጊዜ ዘንቦ ሰማዩ ሲዘጋ ነው። እንዲህ ያሉት ዓመታት በዜና መዋዕል አይጻፉም። የበረሃው ሰው ግን አብዛኛውን ዕድሜውን የኖረው በእነሱ ውስጥ ነው።

በሃምሳ ስድስቱ ረሃብ ጊዜ ቢካኔርን ይገዛ የነበረው ማሃራጃ ጋንጋ ሲንግ ሙሉ ሥልጣኑን ከተረከበ ገና ዓመቱ ነበር፤ ዕድሜውም 19 ግድም ነበር። የእርዳታውን ሥራ ራሱ መራ። ያየው ነገር ከልቡ አልወጣምና ከዓመታት በኋላ የሱትሌጅን ወንዝ ውሃ በቦይ ወደ ግዛቱ አስገባ፤ የጋንግ ቦይ በ1927 ተከፈተ። ውሃ ባገኘው መሬት ስንዴና ጥጥ ገቡ፤ ሞጥ ቦዩ ወዳልደረሰበት አሸዋ አፈገፈገ።

የቡጂያ ነገር ከሃምሳ ስድስቱ ረሃብም ከቦዩም ቀድሞ ነው የተጀመረው። በቢካኔር እንደሚተረከው በ1877፣ በማሃራጃ ዱንጋር ሲንግ ዘመን፣ በቤተ መንግሥት ለእንግዶች ተሠርቶ ቀረበ። ሁለተኛው ትረካ የሚገኘው ሃልዲራም በሚል ስም ከሚታወቀው ከጋንጋ ቢሻን አጋርዋል ቤተሰብ ነው። በእነሱ አነጋገር፣ ዘመዶቹ ከሽምብራ ዱቄት ይሠሩት የነበረውን ቡጂያ እሱ በሞጥ ዱቄት ለወጠው፣ አቀጠነውም። በ1937 የተተከለው የቢካኔር ሱቅ ከጊዜ በኋላ እስከ ኮልካታና ዴልሂ ደረሰ። ሁለቱም ትረካዎች የየራሳቸው እውነት ይኖራቸዋል። ዱቄቱ ግን ከንጉሡም ከሱቁም የመጣ አይደለም፤ ዘሩን ከክፉ ዓመት ወደ ክፉ ዓመት ያሻገሩት ገበሬዎች ናቸው። የሞጥ ሊጥ እንዴት እንደሚታሽ፣ ፓፓድ የሚባለው ስስ ቂጣ ሳጂ ከሚሉት የተክል አመድ ጋር ተለውሶ እንዴት ፀሐይ ላይ እንደሚደርቅ የሚያውቁት ደግሞ ሴቶቹ ናቸው። የቢካኔር ፓፓድ ዛሬም በየቤቱ በሴቶች እጅ ይዳመጣል። ህንድ በ2010 ለቢካኔሪ ቡጂያ በትውልድ ቦታ ላይ የተመሠረተ የስም ጥበቃ ሰጥታለች። ከእነዚህ ሴቶች የአንዷም ስም ግን በታሪኩ ውስጥ አይነሣም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

የበረሃው ሰዎች በቤታቸው የሚበሉት ቡጂያ ሳይሆን ኪችዲ ነው፤ ሞጥና ቡልቱግ አብረው እስኪላሉ ተቀቅለው፣ የተነጠረ ቅቤ ጣል የሚደረግበት ገንፎ መሰል ምግብ። 100 ግራም ደረቅ ሞጥ ውስጥ 23 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ 11 ሚሊግራም የሚጠጋ ብረትና 380 ሚሊግራም ገደማ ማግኒዥየም አለ፤ ስቡ ከ2 ግራም አይደርስም። ፕሮቲኑ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ሞልቶለት ሜቲዮኒን ያንሰዋል። የቡልቱግ ጉድለት ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ አንዱ የሌላውን ይሞላል። የኛ እንጀራና ሽሮም የሚጠቃቀሙት በዚሁ መንገድ ነው። የበረሃዋ እናት አሚኖ አሲድ የሚባል ነገር ሳትሰማ ሁለቱን በአንድ ድስት አድርጋለች።

ወደ ደቡብ፣ ወደ ማሃራሽትራ ሲኬድ ሞጥ ማትኪ ይባላል፤ የሚበላውም በቆልት ሆኖ ነው። ሲበቅል ቫይታሚን ሲ ያበጃል፤ ብረትን አስሮ ሰውነት እንዳይወስደው የሚያደርገው ፋይቲክ አሲድም ይቀንሳል። የፑኔና የኮልሃፑር ከተሞች የሚኮሩበት ሚሳል የሚባለው ቁርስ መሠረቱ ይኸው የማትኪ በቆልት ነው፤ የኮልሃፑሩ በቃሪያው የሚያስለቅስ ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ወገኖቻችን ማትኪ ሩቅ አይደለም፤ የህንድ ሱቆች ይሸጡታል። ድንጋዩን ለቅሞ፣ አጥቦ ማታ በብዙ ውሃ መዘፍዘፍ ነው። ጠዋት ውሃውን አጥልሎ በርጥብ ጨርቅ ቋጥሮ ሞቅ ያለ ቦታ ማስቀመጥ፤ በማግስቱ ነጭ ጭራ ያወጣል። ዘይት ሲግል ሰናፍጭ ፍሬውን ጣል አድርጎ እስኪንጣጣ መጠበቅ፣ ከዚያ ከሙን፣ ቀይና ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያና እርድ ማቁላላት ነው። በቆልቱ ከትንሽ ውሃና ጨው ጋር ገብቶ ሲከደን በ20 ደቂቃ ግድም ይበስላል። ጥሬውን ባይበሉት ይሻላል፤ ፕሮቲኑ እንዳይፈጭ የሚያግዱትን ነገሮች የሚያጠፋው እሳት ነው። በቆልቱ ቶሎ ስለሚፈርስ ግን አጠገቡ መቆም ያስፈልጋል። ድንብላል ቅጠልና ሎሚ የሚጨመሩት ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው፤ የሎሚው ቫይታሚን ሲ ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል፣ እሳት ላይ ከቆየ ግን ይጠፋል።