አብሾ፦ የማስታወሻ ወይስ የመርሻ መድኃኒት?

በልጅነቴ እንግዳ ቤታችን መጥቶ አጎቴን አይቶ «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የሚሰጠው መልስ አንድ ቃል ነበር፤ «አብሾ»። ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ አልነበረም። እንግዳው ራሱን ነቅንቆ ቡናውን ይጠጣል።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነበር። በ14 ዓመቱ አኩፋዳውን አንግቶ ከሞጣ ወደ ብቸና አገር ቅኔ ሊማር ወረደ። በ19 ዓመቱ ሲመለስ ሌሊት የማይተኛ፣ ከማይታይ ሰው ጋር የሚሟገት፣ የእናቱን እንጀራ «መርዝ አለበት» ብሎ የሚገፋ ሰው ሆኖ ነበር። ጠበል ተወሰደ። ሐኪም ግን አላየውም። አብሾ የጠጣን ሰው ሐኪም ምን ያደርግለታል ተባለና ከ20 ዓመት በላይ በዚያው ሁኔታ ኖሮ ሞተ።

የከተማ አንባቢ ቃሉን የሚያውቀው ከጠጅ ቤት ነው። ሁለት ብርሌ ቀምሶ ጠብ የሚያነሣውን «ተወው፣ አብሾ አለበት» እንላለን። የአባባሉ ሥር ያለው ግን የቆሎ ተማሪው ጎጆ ውስጥ ነው። እንደሚባለው ከሆነ ተማሪው አንድ ጊዜ ይህን መድኃኒት ከጠጣ በጆሮው የገባ ሁሉ እንደ ብራና ጽሑፍ ተቀርጾ ይቀራል፤ መጠኑ ከበዛበት ግን ያብዳል፤ ሳያብድ ቢያመልጥም ዕድሜ ልኩን መጠጥ ሲቀምስ ይቀሰቀስበታል። አዘገጃጀቱ ከመምህር ወደ ተማሪ በምሥጢር ይተላለፋል ይባላል። ስለ ቅመሙ የሚናገሩት ሁሉ አይስማሙም። ከሌሎቹ ይልቅ ደጋግሞ የሚጠራው ግን አስተናግር ነው፤ ዕፀ ፋርስም ይሉታል። በየአጥሩ ሥርና በየቆሻሻ መጣያው የሚበቅል፣ አበባው እንደ ጡሩንባ የረዘመ፣ ፍሬው እሾሃም የሆነ ያ ተክል ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። በአስተናግር ውስጥ አትሮፒን፣ ሃዮሳያሚንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ስኮፖላሚን በአንጎል ውስጥ አዲስ ነገር ለመያዝ የሚያገለግለውን የአሴቲልኮሊን መልእክት ይዘጋል። ሰውየው ነቅቶ ያወራል፣ ይንቀሳቀሳል፤ በማግሥቱ ግን የሆነውን አያውቅም። የሳይንስ ሰዎች መርሳትን ለማጥናት በፈቃደኞች ላይ መርሳትን በጊዜያዊነት የሚፈጥሩት በዚሁ ነው። እንግዲህ አብሾ በእርግጥ አስተናግር ከሆነ፣ ተማሪው ላለመርሳት የሚጠጣው የመርሻውን መድኃኒት ነው ማለት ነው።

ይህን ዓለም በየፈርጁ ቀምሶታል። እ.ኤ.አ. በ1676 በአሜሪካ ቨርጂንያ፣ ጀምስታውን ላይ፣ ዐመፅ ሊያበርዱ የተላኩ የእንግሊዝ ወታደሮች ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅለው በሉት። 11 ቀን እንደ ሕፃን ሲጫወቱና ሲያብዱ ሰነበቱ፤ ሲነቁ አንዱም ያደረገውን አላስታወሰም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ በጀርመን ፍራይቡርግ ስኮፖላሚንን ከሞርፊን ጋር ለወላድ ይሰጡ ነበር። ወላዷ ትጮኻለች፤ ምጧን ግን አታስታውስም። በ1916 ሮበርት ሃውስ የተባለ የቴክሳስ ሐኪም እንዲህ ያለች ወላድ አጠገብ ሆኖ ሚዛን ፈልጎ ባል ሲያጣው፣ በመድኃኒቱ የደነዘዘችው ሚስት ወጥ ቤት ከሥዕል ጀርባ ምስማር ላይ እንደተንጠለጠለ ተናገረች። ሃውስ ከዚህ ተነሥቶ በ1922 እስረኞችን በስኮፖላሚን መመርመር ጀመረ፤ «የእውነት መድኃኒት» የሚለው ወሬም ተስፋፋ። እኛ ግን ከሃውስ ጋር ሳንመካከር ተክሉን «አስተናግር» ብለነዋል፤ የሚያናግር!

ምሥጢራዊ ተቋም ከተባለም እውነተኛው እዚያው አሜሪካ ነበር። የስለላ ድርጅቱ ሲ.አይ.ኤ. በ1953 «ኤም.ኬ.አልትራ» የሚል ስም ሰጥቶ የሰውን አእምሮ የሚያዝዝና የሚያጠፋ መድኃኒት ሲፈልግ ቆየ። በዚሁ ገንዘብ በሞንትሪያል ይሠራ የነበረው ዶክተር ካሜሮን በሽተኞቹን በመድኃኒት ለሳምንታት እያስተኛ፣ በኤሌክትሪክ እየነዘረ፣ የገዛ ልጆቻቸውን እስኪረሱ አድርሷቸዋል። በ1973 አለቃው ሰነዶቹ እንዲጠፉ አዘዘ። የማስረሻው ፕሮግራም ራሱ እንዲረሳ ተሞከረ ማለት ነው። ያመለጡት ወረቀቶች ግን አጋለጡት። የጎጃም ጎጆ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምን ምሥጢር አለው? የተራበ ልጅና አንድ ለምድ።

ባለፈው ዓመት ከብቸና ተነሥቼ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሄድኩት ይህን በልቤ ይዤ ነው። ብቸና የዲማ ጊዮርጊስ ጎረቤት ናት፤ አገሩ የቅኔ አገር ነው። ቅኔ ደግሞ ለአብሾ ተረት የሚመች ትምህርት አይደለም። ማታ ማታ ግሱ በቃል ይጠናል፤ እርግጥ ነው። ቅኔው ግን በየቀኑ አዲስ ነው። ትናንት የተቀኙትን ዛሬ መድገም ነውር ነው፤ ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና እንኳ አንዴ ከተባለች አበቃች። ጠጪው የሚያስታውሰውን የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ ጉባኤ ቢቆም የሚጠብቀው ሳቅ ብቻ ነው።

የመጠጡ ሐሳብ ከየት መጣ ያልን እንደሆነ፣ እኔ የምጠረጥረው ከገድል ነው። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ትምህርት አልገባው ብሎ ሲያለቅስ እመቤታችን ጽዋዐ ልቡና አጠጣችው ይባላል። ያ ጸጋ ነበር፤ በመንደር አፍ ሲዞር ሲዞር የቅጠል ጭማቂ ሆነ። ቅዱስ ያሬድ ግን ምንም አልጠጣም። እየወደቀ ዛፍ የሚወጣውን ትል አይቶ ነው የተመለሰው።

ሞጣ ላይ ከአጎቴ ጋር በአንድ ጎጆ ያደሩ ሽማግሌ መሪጌታ አገኘሁ። ስለ እርሳቸውም «ጠጥተው ነው እንጂ ይህን ሁሉ በቃል ማን ይይዛል» ይባላል። ስጠይቃቸው ተቆጡ። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት እየተነሡ፣ እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ቆመው የያዙትን ሰው ለአንድ ቅጠል መስጠቱ አንገብግቧቸዋል። ስለ አጎቴ ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። በመጨረሻው ክረምት እንቅልፍ አጣ አሉኝ፤ ቀጥሎ ከጎጆው ውጭ ሰው ይጠራኛል ማለት ጀመረ፤ እያደር ባሰበት። ሲጠጣ አይተዋል? አላዩም። አንድ ጎጆ፣ አንድ መደብ ነበሩ።

የአስተናግር መርዝ የጀምስታውን ወታደሮችን 11 ቀን ያዘ፤ አብዛኛውን ሰው በቀናት ውስጥ ይለቅቃል፤ ካልገደለ በስተቀር። 20 ዓመት የሚቆይ፣ ቀስ እያለ የሚገባ፣ ድምፅ የሚያሰማ ሕመም ግን ሌላ ነው። ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከጉርምስና መጨረሻ አንሥቶ ነው፤ የቆሎ ተማሪው ልክ በቅኔ ቤት በሚገኝበት ዕድሜ። አማኑኤል ሆስፒታል ያኔም አዲስ አበባ ነበር። መድኃኒቱም ነበር። ከሞጣ የሚያደርስ መኪናም አይጠፋም ነበር።

ስመለስ እናቴን ጠየቅኋት። «እማዬ፣ አብሾ መጠጣቱን ማን ነገራችሁ?»

የሚፈላውን ጀበና አወረደችና ብዙ ቆየች። «ሁሉም ሰው ነው ያለው» አለች።

«ያየ ሰው ነበር?»

«ያየስ...» አለችና ተወችው። የመጀመሪያውን ሲኒ ቀዳች፤ ሁለተኛውን ስትቀዳ እጇ ተንቀጠቀጠና ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ።