የጎንደር ፒያሳ በአሮጌ ፎቶ

በጣሊያን ወረራ ዘመን የተነሱ የጎንደር ፎቶዎች ሲታዩ ብዙ ሰው «ከተማችን እንዴት ታምር ነበር!» ይላል። ማዕዘናቸው የተጠጋጋ ሕንፃዎች፣ ረጃጅም በረንዳዎች፣ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው፣ ከፍታው ላይ ደግሞ ኋላ ተራራ ሆቴል የተባለው ማረፊያ ይታያሉ። ማማሩስ እውነት ነው። ነገር ግን ፎቶው የወራሪው ዕቅድ ማስረጃ ስለሆነ እንደ ሰነድ ተመርምሮ መነበብ አለበት።

መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. የገባው የፋሺስት ጦር ጎንደርን የአማራ ግዛቱ ዋና ከተማ አደረጋት፤ አርክቴክቱ ጌራርዶ ቦዚዮም ፕላኗን ነደፈ። ተራራ ሆቴልን ያሠራው ቺያኦ የተባለው ኩባንያ ሲሆን ይኸው ኩባንያ በምጽዋ ባሕር ዳርቻም ሆቴል ነበረው። ጣሊያናዊው መንገደኛ ከመርከብ ወርዶ ደጋ እስኪወጣ ድረስ የአገሩን አልጋና የአገሩን ምግብ እንዳያጣ ታስቦ ነበር። የአገሬው ሰው ግን በዚህ ሐሳብ ውስጥ እንግዳ ሆኖ አልተቆጠረም። የከተማ ፕላኑ ጣሊያኑንና አገሬውን ለያይቶ አሰፈረ፤ በ1931 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ደግሞ ጣሊያናዊ ለአገሬው በተከለለ ቤት ሲያዘወትር ቢገኝ እንዲቀጣ አዘዘ። የጎንደርን ነባር ሰፈሮች፣ እጨጌ ቤትን፣ አቡን ቤትንና አዲስ ዓለምን፣ ከሆቴሉ በረንዳ ጋር አስተያይቶ ያላነበበ ሰው ፎቶውን ገና በግማሹ ነው ያየው።

«ጎንደርስ ከጣሊያን በፊት በሰፈር የተከፋፈለች አልነበረችም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1660 ዓ.ም. ገደማ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ለብቻቸው እንዲሰፍሩ ወስኗል፤ አዲስ ዓለምም የዚያ ታሪክ አካል ነው። ይህን መሸፈን አይገባም፤ በዳይነቱም አይካድም። ሆኖም የያኔው መለያ ሃይማኖት ነበር፤ ነጋዴው ሙስሊምም ለከተማዋ ገበያ የጀርባ አጥንት ነበር። የፋሺስቱ ሕግ ግን ሰውን በዘሩ መደበ፤ የተወለደበትን መለወጥ የሚችል ደግሞ የለም።

ሌላው ሙግት ሕንፃዎቹን እንደ ጠላት ቅርስ ማየት ይገባል የሚለው ነው። በዚህ አልስማማም። የጣሊያኑ ጀኔራል ናዚ ጦር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ከሰጠ ወዲህ ፒያሳ ጎንደሬ የሚነግድበት፣ ደብዳቤውን የሚልክበትና ፊልም የሚያይበት ሠፈር ሆኗል፤ ባለቤቱም እሱ ነው። ስለዚህ ሕንፃዎቹ ይጠገኑ፣ ይጠበቁ። ፎቶዎቹን በሆቴል ግድግዳና በመጽሔት የምታወጡ ሁሉ ግን ከሥራቸው መቼ እንደተነሱ፣ ሕንፃውን ማን እንዳሠራው፣ ለማን ተብሎ እንደተሠራና ማን እንዳይገባ እንደተከለከለ ጻፉ።