እንጦጦና የበረሃ አንበጣ፦ የመፈልፈያውን ስፍራ ፍለጋ

የእንጦጦ ተራራ አናቱ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 3,200 ሜትር የሚደርስና ሌሊቱ አጥንት የሚሰብር ብርድ ያለበት በመሆኑ፣ ፀሐይ ካላሞቀችው ክንፉን ዘርግቶ መነሣት ለማይሆንለት የበረሃ አንበጣ የሚመች አገር አይደለም። ሆኖም ኢትዮጵያ ከዚህ ተባይ ጋር ያደረገችውን ረጅም ትግል የሚከታተል ሰው የእንጦጦን ከፍታና ከግርጌው የተዘረጋውን የየካን ምድር በታሪኩ ውስጥ ደጋግሞ ያገኘዋል። የሚያገኘውም አንበጣው ሰብል ሲበላ ሳይሆን፣ አንበጣው ከየት እንደሚነሣ ለማወቅ የተደረገው ፍለጋ በዚያ በኩል ሲያልፍ ነው።

የበረሃ አንበጣ ከተራው ፌንጣ የሚለየው ሁለት ዓይነት ጠባይ ስላለው ነው። ዝናብ በጠፋበት ዘመን በረሃው ውስጥ ተበታትኖ፣ አንዱ ከሌላው ርቆ፣ ሌሊት ሌሊት እየበረረ ማንም ልብ ሳይለው ይኖራል፤ በቂ ዝናብ ጥሎ አሸዋው ሲርስና ቅጠል ሲያቆጠቁጥ ግን እንስቷ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር በሚደርስ ጥልቀት እንቁላሏን ትቀብራለች፤ ከዚያም የሚፈለፈለውና ገና ክንፍ ያላወጣው ኩብኩባ ቁጥሩ በዝቶ፣ ልምላሜው እየጠበበ ሲሄድ እርስ በርሱ እየተጋፋ ጠባዩንም መልኩንም ይለውጥና መንጋ ሠርቶ ይጓዛል። ብቸኛውና መንጋ ሠሪው ነፍሳት ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ሳይሆኑ የአንድ ዝርያ ሁለት ገጽታዎች መሆናቸውን፣ በሌላ የአንበጣ ዘር ላይ ባደረገው ጥናት ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1921 ያስረዳው የሩሲያ ተወላጁ የነፍሳት ተመራማሪ ቦሪስ ኡቫሮቭ ነበር። ከዚህ ግኝት በኋላ ጥያቄው ሁሉ ተለወጠ፤ መንጋው ሰብል ላይ ካረፈ ወዲያ ምን ይደረግ ከማለት ይልቅ፣ መንጋ ሳይሆን በፊት ተበታትኖ የሚኖርበትና የሚረባበት ስፍራ የት ነው ማለት ተጀመረ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ፣ በአንድ ቀን 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል ሊበላና ነፋስ ተከትሎ እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ስለሚችል፣ ክንፍ ካወጣ በኋላ የሚደረገው መከላከል ሁሉ ዘግይቶ የሚጀመር ነው።

ይህ ዕውቀት ከመገኘቱ በፊት የነበረው ዘመን ምን ይመስል እንደነበር በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጽፎልናል። ቄሱ በሰሜን፣ በድባርዋ አካባቢ አንበጣ በወረደ ጊዜ ሕዝቡን አስተባብሮ ምህላ ካደረገ በኋላ፣ ከአንበጣው ጥቂት አስይዞ በሦስት ሰዓት ውስጥ ወደ ባሕር ወይም ወደ ሌላ አገር እንዲሄድ የሚያዝዝ ቃል አንብቦለት ለቀቀው። ዛሬ ፈገግ የሚያሰኘው ይህ ትእዛዝ ቁም ነገር አልጎደለውም፤ በዚያ ወገን ላሉ ሰዎች አንበጣው የሚያያዘው ከቀይ ባሕር አቅጣጫ ጋር እንደሆነ ያሳያልና። ከባሕሩ ማዶ ያለውን ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ከደረሱት መቅሠፍቶች ሁሉ የከፋው ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመታት ያህል የቆየውና ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ የሚጠራው ረሃብ ሲሆን፣ የጀመረውም የኢጣሊያ ጦር በምጽዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር በመጣ የከብት በሽታ ነበር። ደስታ በሚል ስም የሚታወቀው ይህ በሽታ ከአገሪቱ ከብት ከአሥር ዘጠኝ እጁን እንደፈጀ ይገመታል፤ በሬ ያጣው ገበሬ ማረስ ባልቻለበት ሰዓት ድርቅ ተከተለ፣ ጥቂት በዶማ የተዘራውንም አንበጣና ተምች ጨረሱት። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ማቴዎስ እጅ ዘውድ ሲጭኑ አገሪቱ በዚሁ መከራ ውስጥ ነበረች። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በጻፉት ዜና መዋዕል እንደሚተረከው፣ ንጉሠ ነገሥቱ በሬ ያጣው ሰው በእጁ ቆፍሮ መዝራትን እንዳይንቅ ራሳቸው መሬት በመቆፈር ለሹማምንቱና ለወታደሩ አርአያ ሆነዋል። የመንግሥቱ መቀመጫ በዚያ ወቅት ሊያደርግ የሚችለው ጎተራ ከፍቶ የተራበውን መመገብና ሰው ሥራ እንዳይተው ማበረታታት ብቻ ሲሆን፣ አንበጣው በየት በኩል እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚነግረው ምንም ዓይነት መሣሪያም ሆነ ድርጅት አልነበረውም።

ከዐድዋ ድል በኋላ የውጭ መንግሥታት ወደ አዲሲቱ ከተማ ወደ አዲስ አበባ መልእክተኞቻቸውን ሲልኩ የብሪታንያ ሌጋሲዮን፣ ማለትም ከኤምባሲ በማዕረግ ዝቅ ያለው የመልእክተኛ መቀመጫ፣ ቦታ ያገኘው ዛሬ የየካ ክፍለ ከተማ በሆነው፣ ከእንጦጦ ግርጌ በተንጣለለው መሬት ላይ ነበር። በዚህ ግቢ ውስጥ ግንቦት 26 ቀን 1902 ዓ.ም. የሌጋሲዮኑ ሹም ልጅ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ተወለደ። የሕፃኑ ዕጣ ከኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ጋር የተሳሰረው ቀደም ብሎ ነው፤ ልጅ ኢያሱ ከዙፋን በወረዱበት የ1909 ዓ.ም. ሁከት ራስ ተፈሪ ሕፃኑን ልጃቸውን አስፋ ወሰንን በአደራ ያስቀመጡት በዚሁ ግቢ ሲሆን፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ቴሲጀር ኋላ አልጋ ወራሽ የሆኑት የአስፋ ወሰን አማካሪ ሆኖ ደሴ ተቀምጧል። በ1920ዎቹ አጋማሽ አፋርን አቋርጦ አዋሽ ወንዝ የሚጠፋበትን ስፍራ ያየ፣ በ1933 ዓ.ም. በጎጃም በኩል ከኢጣሊያ ጋር የተዋጋ ሰው ስለነበረ፣ የአማካሪነቱ ወንበር እንዳልተስማማው ለመገመት አያዳግትም።

እ.ኤ.አ. በ1945 ቴሲጀር በአዲስ አበባ ኦ. ቢ. ሊን ከተባለ የአንበጣ ባለሙያ ጋር እራት ላይ ተገናኘ፤ በዚያ ማዕድ የተነሣው ጉዳይ ነው እንግዲህ የየካውን ተወላጅ ከዓለም የበረሃ አንበጣ ታሪክ ጋር ያገናኘው። ሊን የሚሠራበት የመካከለኛው ምሥራቅ የፀረ አንበጣ ክፍል፣ ለንደን በነበረው የምርምር ማዕከል ኃላፊ በኡቫሮቭ ሐሳብ መሠረት፣ ሩብ አል ኻሊ የሚባለው የደቡብ ዓረቢያ ሰፊ የአሸዋ በረሃ ከአንበጣ መነሻዎች አንዱ ሊሆን ይችላል የሚለውን ግምት የሚያጣራለት ሰው ይፈልግ ነበር፤ ከዙሪያው ተራሮች የሚወርድ ጎርፍ አሸዋው ውስጥ ገብቶ ለእንቁላል የሚበቃ እርጥበትና ለኩብኩባው የሚበቃ ቅጠል ይፈጥር እንደሆነ በአውሮፕላን ሆኖ ማወቅ አይቻልም ነበርና። ቴሲጀር ግብዣውን ተቀብሎ ከ1946 እስከ 1948 (እ.ኤ.አ.) ባሉት ዓመታት ከበደዊን መንገደኞች ጋር በግመል ያን በረሃ ሁለት ጊዜ አቋረጠ፤ ዝናብ በየትኛው ዓመት የት እንደጣለና ሣሩ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ ከግመል ጠባቂዎቹ እየጠየቀ አጠናቀረ። እርሱን የሳበው ከአንበጣው ይልቅ በረሃው ራሱ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1959 ካሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ግልጽ ነው፤ የተላከበት ጥያቄ ግን ከተጓዡ ፍላጎት በላይ ክብደት ያለው እንደነበር ሰባ ዓመት ቆይቶ ታየ።

በዚያው ዘመን የመከላከሉ ሥራ መልክ እየያዘ መጣ። በመጀመሪያ መርዝ የተቀላቀለበት ገለባ ለኩብኩባው በመበተን፣ ኋላም አንድ ጊዜ ተረጭቶ ለብዙ ሳምንታት በቅጠል ላይ የሚቆይ ዲልድሪን የተባለ ኬሚካል በመጠቀም ዘመቻ ይካሄድ ነበር፤ ይኸው ረጅም ዕድሜው ለሰውና ለእንስሳት ጠንቅ ሆኖ ስለተገኘ በኋላ ቀርቷል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1958 ኢትዮጵያ በአንበጣ ምክንያት 167,000 ቶን፣ ማለትም 1,670,000 ኩንታል እህል አጣች፤ ይህም አንድ ሚሊዮን ሰው ለአንድ ዓመት የሚመግብ ነበር። አንዱ አገር የቱንም ያህል ቢረጭ ከጎረቤቱ የሚመጣውን ማቆም እንደማይችል ስለታወቀ፣ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ስምምነት የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ ቁጥጥር ድርጅት ተቋቋመ፤ የራሱን አውሮፕላኖች ይዞም በአባል አገሮች ላይ የአሰሳና የርጭት ሥራ ይሠራ ጀመር። ትንበያውን ደግሞ ቀድሞ ለንደን የነበረው ማዕከል ሲሠራው ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1978 ሮም ወዳለው የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ተዛወረ። በኢትዮጵያ በኩል የሚጠበቀው ዑደት በመሠረቱ ታውቋል፦ በክረምት በአፋርና በምሥራቃዊው ቆላ የሚፈለፈለው መንጋ በጥቅምትና በኅዳር ወደ ኦጋዴንና ወደ ሶማሊያ ይወርዳል፤ በበልግ እዚያ የተራባውም በሰኔና በሐምሌ ወደ ሰሜን ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ዕውቀት እያለ ነው በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሜኩኑ፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ደግሞ ሉባን የተባሉት የባሕር አውሎ ነፋሶች ቴሲጀር ባቋረጠው በሩብ አል ኻሊ ላይ ዝናባቸውን ያወረዱት። በአሸዋው ክምር መካከል ሐይቆች ተፈጠሩ፤ አንበጣውም ሦስት ትውልድ ተራባ። አንድ ትውልድ ቁጥሩን በ20 እጥፍ ያህል ስለሚያሳድግ፣ ሦስቱ ትውልድ 8,000 እጥፍ ይሆናል፤ ያ ሁሉ ሲሆን በዚያ ስፍራ ያሰሰም ሆነ የረጨ አልነበረም። ከዚያ ወደ የመን የተሻገረው መንጋ በጦርነት የደከመ የመከላከያ ሥርዓት አገኘ፤ ከ2011 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም ባሕሩን አቋርጦ ወደ ኢትዮጵያና ወደ ሶማሊያ ገባ፤ በኅዳር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በሶማሊያ የጣለው የፓዋን አውሎ ነፋስ ዝናብ ደግሞ እንደገና አራባው። ለኢትዮጵያ ከ25 ዓመታት ወዲህ የከፋ ወረራ ነበር። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው ግምት 200,000 ሄክታር ያህል የሰብል መሬት ተጎድቶ ከ3,560,000 ኩንታል በላይ እህል የጠፋ ሲሆን፣ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆኗል። በ2013 ዓ.ም. መኸርም በወሎና በራያ ቆላዎች ማሽላና ጤፍ ለአጨዳ በደረሰበት ሰዓት መንጋው ተመልሶ መጣ፤ ገበሬው ጅራፍ እያጮኸና ቆርቆሮ እየደበደበ ተከላከለ፣ ያልበሰለውን ሳይቀር አጨደ።

በዚህ ወረራ መካከል፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይናው ታይዩዋን የማስወንጨፊያ ጣቢያ ወደ ሕዋ ተላከች፤ መቆጣጠሪያዋም በ2007 ዓ.ም. ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ተተክለው ሥራ በጀመረው በእንጦጦው የሕዋ ምርምር ማዕከል ሆነ። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የሆነችው ይህች ሳተላይት የተላከችው የእርሻን፣ የደንንና የውኃን ሁኔታ ለመከታተል ነበር። በአጋጣሚ ከሃያ ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 30፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ሊያርፍ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የአንበጣ መንጋ የፊት መስተዋቱን ስለሸፈነበት ማረፍ ተስኖት አዲስ አበባ ላይ በሰላም አረፈ።

ሳተላይት አንበጣን ታያለች የሚለው የተለመደ አነጋገር ግን ማብራሪያ ያስፈልገዋል። የእንጦጦዋ ሳተላይት ምስል 14 ሜትር ገደማ ስፋት ካለው ነገር ያነሰውን ለይቶ አያሳይም ነበር፤ አንበጣው ደግሞ ክብደቱ ሁለት ግራም ነው። የሚታየው ልምላሜው ነው፦ ጤናማ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፣ ለዓይን የማይታየውን የቀይ አጎራባች ጨረር ግን አብዝቶ ይመልሳል፤ የሁለቱ ልዩነት ሲሰላ ትናንት ደረቅ የነበረው በረሃ ዛሬ የት የት እንዳቆጠቆጠ በካርታ ይወጣል። ሮም ያሉት የትንበያ ባለሙያዎች ለዓመታት የተገለገሉበትም ተመሳሳይ ካርታ ሲሆን፣ ከዝናብና ከአፈር እርጥበት መረጃ ጋር ተደርቦ የአሰሳው ቡድን በቅድሚያ ወዴት መሄድ እንዳለበት ያመለክታል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሰው ነው፤ አሳሹ በመኪና ወይም በእግሩ ሄዶ ቅጠሉ ሥር ኩብኩባ መኖሩን አይቶ፣ ቁጥሩንና ዕድሜውን መዝግቦ ከቦታው አቅጣጫ ጋር ይልካል፤ ርጭቱም በዚያ መረጃ ላይ ተመሥርቶ፣ በአንድ ሄክታር አንድ ሊትር ወይም ከዚያ ባነሰ ኬሚካል፣ ኩብኩባው ክንፍ ሳያወጣ ይካሄዳል።

የአዲስ አበባው ስምምነት የፈጠረው ድርጅት ግን ሥልጣኑ በምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ብቻ የተወሰነ ስለሆነ ሩብ አል ኻሊን የሚከፋፈሉት ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኦማን፣ የመንና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከአባላቱ ውስጥ የሉም፤ ከእነርሱ ጋር ኢትዮጵያ የምትገናኘው እ.ኤ.አ. በ1967 በተቋቋመው የማዕከላዊው ቀጠና የአንበጣ ኮሚሽን በኩል ነው። ስለዚህ የእንጦጦው ጣቢያ የአፋርና የኦጋዴን ልምላሜ የሚታይበትን ምስል ለአገር ውስጥ አሳሾች ሊያቀርብ ይችላል፤ የሊን ጥያቄ፣ ማለትም በዚያ አሸዋ ላይ ዝናብ ከጣለ በኋላ ማን ሄዶ ያያል የሚለው፣ መልስ የሚያገኘው በእነዚህ አራት አገሮች ፈቃድና በኮሚሽኑ አቅም ነው።