ጊታሪስቱ ሄደ፣ ዜማው ቀረ

የእንግሊዙ ጀነሲስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው «ነርሰሪ ክራይም» አልበም ላይ «ዘ ሚዩዚካል ቦክስ» የሚባል ከ10 ደቂቃ በላይ የሚረዝም ሥራ አለ። በደራሲነት የተመዘገቡት አምስት ናቸው፦ ባንክስ፣ ኮሊንስ፣ ጌብሪኤል፣ ሃኬትና ራዘርፎርድ። አንቶኒ ፊሊፕስ የለበትም። የሥራው መነሻ የሆነውን የጊታር ሙዚቃ ግን ከራዘርፎርድ ጋር የሠራው እሱ ነው። ፊሊፕስ በ1970 በሕመምና በመድረክ ፍርሃት ባንዱን ለቀቀ፤ በቦታው የገባው ስቲቭ ሃኬት ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ገባ።

ሌባ የለም እዚህ። የያኔው ደንብ ሥራው ሁሉ በቡድኑ ስም ይመዝገብ የሚል ነበር። አብሮ ላለ ሰው ይመቻል፤ ለወጣ ሰው ግን ጨካኝ ነው።

በ1976 «ኤ ትሪክ ኦቭ ዘ ቴይል» ሲወጣ የየዘፈኑ ደራሲ በየስሙ ተጻፈ። ይህም ቢሆን አላስታረቀም፤ እንዲያውም የማን ድርሻ እንዳነሰ በአደባባይ አሳየ። ሃኬት ሥራዎቼ በቂ ቦታ አላገኙም ብሎ ቅር ተሰኘ፣ በ1977 ወጣ። ባንዱ ያላወጣለት «ፕሊዝ ዶንት ተች» በ1978 የራሱ አልበም መጠሪያ ሆነ።

የቀሩት ሦስቱ በ1983ቱ አልበማቸው ሁሉንም ዘፈን እንደገና በጋራ ስም አስመዘገቡ። ለመድረክ ጊታሪስት ዳሪል ስተርመርን ይዘዋል፤ የባንዱ አባል ግን አላደረጉትም።